በጎጆ ስለ ጀልባ የተወያየን ዕለት

ጋሪ በዋና መንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክለውን ረቂቅ ደንብ ይዘን ጎጆ ከተማ የገባነው በጋሪ ነው፤ ያውም በዋናው መንገድ። ይህን ለዓመታት ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ያ መሥሪያ ቤት ስሙን ሁለት ጊዜ ቀይሯል፣ አለቃዬ ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል፣ እኔም ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ከእንግዲህ የሚገመግመኝ አይኖርም ብዬ አስባለሁ።

ያኔ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ተብዬ ነበርኩ። የዞኑ ትንንሽ ከተሞች የመንገድ አጠቃቀም ደንብ እንዲኖራቸው ተወሰነና የማርቀቁ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ማርቀቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቀድሞ ለወንጪ የተዘጋጀ አንድ ረቂቅ ነበረን። እሱን እከፍትና ኮምፒውተሩ «ወንጪ» የሚለውን ቃል በሙሉ እየፈለገ በሌላ ከተማ ስም እንዲተካው አዘዋለሁ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ማኪያቶ ጠጥቼ እስክመለስ አንድ ከተማ ሕግ ይኖረዋል። ለዚህ ፍጥነቴ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎልኛል። እስካሁን አልጣልኩትም፤ አልጥለውምም።

ረቂቁም ስብሰባውም በኦሮምኛ ነበሩ። እዚህ በአማርኛ ስጽፈው የጎደለ ነገር ካለ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሞኝነቱ ግን በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመቀጠሌ በፊት ልናዘዝ። በእኛ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ውይይት ቃለ ጉባኤ የሚተየበው ከውይይቱ በፊት ነበር። በክፋት አይደለም። ወረዳ ላይ መብራት ይጠፋል፣ ማተሚያው ቀለም አይኖረውም፣ ስለዚህ ከአምቦ አትመን ይዘን እንሄዳለን። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቤቱ በረቂቁ ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ደግፎታል።» ከእሱ በላይ «ከተሳታፊዎች የተሰጡ ማሻሻያዎች» የሚል ርዕስና ሁለት ባዶ መስመር እንተዋለን። እነዚያ መስመሮች የሚሞሉት «የለም» በሚል ቃል ነበር። ይህን አሠራር ከሰው ተማርኩት እንጂ አልፈጠርኩትም። ግን ደግሞ ለምን ብዬ ጠይቄም አላውቅም።

ችግሩ በዚያ ዓመት ሁለቱ መስመሮች አለቃዬን አስገመገሙት። ከበላይ የመጣ አንድ ሰው የዓመቱን ቃለ ጉባኤዎች ሲያገላብጥ «የለም»፣ «የለም»፣ «የለም» እያለ አነበበና «እናንተ ጋ ሕዝቡ ምንም አያስብም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀው። አለቃዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ወደ ጎጆ ስንነሳ ደጋግሞ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዛሬ አንድ ማሻሻያ ሳንይዝ አንመለስም። አንድ። የፈለገው ይሁን።»

ከአምቦ የወጣነው በማለዳ ነው። አለቃዬ፣ ሾፌሩ፣ እኔ፣ እና «ሕግ በሕዝብ ተሳትፎ» የሚል ከመኪናዋ የሚረዝም ባነር። ከጊንጪ ተገንጥለን ሽቅብ መውጣት ስንጀምር መንገዱ ማታ በጣለው ዝናብ ቀልጦ ጠበቀን። መኪናችን ትንሽ ታገለች፣ ተንሸራተተች፣ ከዚያ በአንድ ጎኗ ጭቃው ውስጥ ተመቻችታ ተቀመጠች። አለቃዬ በስስ ሙሉ ልብሱ ወረደና ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ «ምንድን ነው ይሄ?» አለው። ጎማው ምንም አላለም። ሾፌሩ አካፋ ሊለምን ወደ አንድ ግቢ ሄደ።

በዚህ መሐል ነው ባለጋሪው የደረሱት። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ወፍራም ጋቢ ለብሰው ከላዩ ሌላ ጋቢ የደረቡ ሰው ናቸው። የከተማው ሰው አባ ጋሪ ይላቸዋል፤ እኔም ከዚያ ውጭ ስም አላውቅላቸውም። «አካም ቡልተን» ብለው እንዴት እንዳደርን ጠየቁና መኪናዋን ዞረው አዩ። ከዚያ «ለስብሰባው ነው የመጣችሁት አይደል? እኔም ተጠርቻለሁ። ጋሪው ላይ ውጡ» አሉን።

ጋሪው ድንች ጭኖ ነበር። አለቃዬ አንድ ጆንያ ላይ፣ እኔ ሌላ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ባነሩን የምናጋድምበት ስላልነበረ ሁለታችንም ጫፍና ጫፉን ያዝነው። ዳማው ፈረስ መራመድ ሲጀምር ነፋሱ ጥቅልሉን ፈታውና እስከ ከተማው ድረስ እንደ ሰንደቅ እያውለበለብነው ሄድን። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ሰላም አሉን። አለቃዬ በነጻ እጁ አጸፋውን መለሰ።

«ስለ ምንድን ነው ስብሰባው?» አሉኝ አባ ጋሪ።

«ስለ መንገድ አጠቃቀም ነው አባቴ።»

«እሰይ። ሊሠሩልን ነው?»

«አይ... ውይይት ነው። ሐሳብ ትሰጣላችሁ።»

«ሐሳብማ አለን» አሉ፣ ፈረሱን «ዴሚ፣ ዴሚ» እያሉ እየነዱ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሴት ልጃቸው አምቦ ነርስነት ትማራለች። የሚያስተምሯት እሳቸውና ይህ ፈረስ ናቸው። ድንችና ገብስ የጭነት መኪና ቆሞ እስከሚጭንበት ያደርሳሉ፣ ምጥ የያዛትን ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳሉ፣ የባለሱቆችን ዕቃ ያመላልሳሉ። ወደ ከተማው ስንገባ በስተግራ በኩል ያለውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በአለንጋቸው አሳዩኝ። ጠባብ ነው፤ ጭቃው በክረምት እስከ ጋሪው እምብርት ይደርሳል። «ባለፈው ክረምት የጓደኛዬ ፈረስ እዚያ ገብታ እግሯ ተሰበረ። አሁን ሰውየው የሰው ድንች ይቆፍራል» አሉ።

ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነበር። ውስጡ አንቀጽ ሰባት አለ፤ «ማንኛውም ጋሪ ከዋናው መንገድ ውጭ ባለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ብቻ ይንቀሳቀሳል» ይላል። የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። ድንቹ ይሆናል ብዬ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ፤ ድንቹ ግን አልነበረም።

አዳራሹ ከውጪው ይበርዳል። ሰው ሁሉ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተቀመጠው ለውይይት ሳይሆን በረዶ ሊሻገር ይመስላል። አንድ ወንጌላዊ በጸሎት ከፈቱልን፤ «ሕግ ለሚያወጡ ማስተዋልን ስጥ» ሲሉ ጎላ አድርጌ አሜን አልኩ። ከዚያ ሰዉ የስም መቆጣጠሪያው ላይ ሊፈርም በእኔ ጠረጴዛ በኩል ተሰለፈ።

አባ ጋሪ ተራቸው ደርሶ ሲያጎነብሱ ከመፈረሚያው ወረቀት ሥር የተየብኩት ቃለ ጉባኤ ግማሹ ወጥቶ ነበር። እስክሪብቶውን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ጽሑፉ ላይ ዓይናቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሁለት ጊዜ ሄደ። ከዚያ ፈረሙና ቀና ብለው አዩኝ።

«ፈጣን ልጅ ነህ» አሉኝ።

ስለ ምስጋና ደብዳቤዬ የሰሙ መስሎኝ ደስ አለኝ። እሳቸው ሄደው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አጠገብ ተቀመጡና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ።

አለቃዬ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ንግግሩን መቼም አልረሳውም፤ ቀኑን ሙሉ የገደለን እሱ ነው። «ይህ ረቂቅ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ አይደለም» አለ። «የጎጆን ተጨባጭ ሁኔታ መሠረት አድርጎ፣ እታች ድረስ ተወርዶ፣ ባለድርሻ አካላትን አሳትፎ፣ ቃል በቃል ተጠንቶ የተዘጋጀ ነው።» ቃል በቃል ሲል ወደ እኔ አመለከተ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁ።

ውይይቱ ተጀመረ። አንቀጽ አራት በግ ያለ ጠባቂ በከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው፣ በጎቹ ማታ ማታ ራሳቸው ቤታቸውን አውቀው እንደሚገቡና ጠባቂ ቢደረግላቸው የሚጠፋው ጠባቂው እንደሆነ አስረዱ። ሰው ሳቀ። አለቃዬ «ይሄ ከላይ የመጣ ነው፤ እኛ ልንነካው አንችልም» አለ። አንቀጽ አምስት ላይ አንዲት ባለሱቅ ስለ ሱቅ ደጃፍ ጠየቀች። ከላይ የመጣ ነው። አንቀጽ ስድስት፣ ከላይ የመጣ ነው። ላይ የተባለው ማን እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር፤ ረቂቁ ላይ ከእኔ በላይ ያለው ጣሪያው ብቻ ነው።

አንቀጽ ሰባት ሲደርስ አባ ጋሪ ተነሡ። መንገድ ላይ የነገሩኝን ለቤቱ ደገሙት፦ ልጃቸውን፣ ጭቃውን፣ የጓደኛቸውን ፈረስ። አልጮኹም፣ አልለመኑም። «የውስጥ ለውስጡ መንገድ ለጋሪ አይሆንም። እዚያ ብቻ ሂዱ ከተባልን አትሥሩ መባላችን ነው። እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ልጄም አልጨረሰችም» ብለው ጠበቁ።

«ሐሳብዎ ይከበራል» አለ አለቃዬ። «ነገር ግን ከላይ የመጣ ነው።»

አባ ጋሪ ተቀመጡ። አለንጋቸውን ጋቢያቸው ሥር አጣጥፈው ይዘውት ነበር። በጋሪያቸው መጥቼ፣ በድንቻቸው ላይ ተቀምጬ፣ አሁን ዝም ማለቴ አሳፈረኝ። ብቻ ማፈር አንድ ነገር ነው፣ መናገር ሌላ ነገር ነው፤ እኔ በዚያ ቀን የቻልኩት ማፈሩን ነው።

ከዚያ መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው የታደላቸውን ረቂቅ ገለጡ።

«አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ ጥያቄ አለኝ» አሉ። ቀስ ብለው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡት፣ አነበቡት። «በጎጆ ሐይቅ ላይ አገልግሎት የሚሰጥ ማንኛውም ጀልባ፣ ከሐይቁ ሲወጣም ሆነ ወደ ሐይቁ ሲመለስ፣ የከተማውን ዋና መንገድ ሊዘጋ አይገባም።»

ጎጆ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ድንች፣ በግና ብርድ አለው። ሐይቅ የለውም። በዚያ ቀን በአካባቢው የነበረው ትልቁ ውኃ መኪናችን የተቀመጠችበት ነው። ወዲያው ገባኝ። ኮምፒውተሩ የወንጪን ሐይቅ አንሥቶ፣ ጀልባዋን ሳያስቀር፣ ለጎጆ አስረክቧል። እኔ ደግሞ አላነበብኩትም። ማኪያቶ እየጠጣሁ ነበር።

አለቃዬ ገጹን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እስክሪብቶዬን መመርመር ጀመርኩ፤ መቼም እንዲህ በቅርብ አይቼው አላውቅም። አለቃዬ ስህተት ነው እንዳይል ቃል በቃል ተጠንቷል ብሏል። የጎጆን ተጨባጭ ሁኔታ ብሏል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሕግ ዛሬን ብቻ አያይም» አለ። «ነገንም ያያል።»

«ሐይቁ ሊመጣ ነው እንዴ?» አለች ባለሱቋ።

«በልማት የማይመጣ ነገር የለም።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አለቃዬ እዚያ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ ፊቴ በተዘረጋው ቃለ ጉባኤ ላይ፣ በሁለቱ ባዶ መስመሮች ላይ አረፈ። ግምገማው ትዝ እንዳለው ከፊቱ አየሁ። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «በዚህ አንቀጽ ላይ ከላይ የመጣ ነገር የለም» አለ። «እዚህ ላይ የእናንተን ሐሳብ በጣም እንፈልጋለን። በሰፊው ተወያዩበት።»

አባ ጋሪና መምህሩ ተያዩ። እኔ ያኔ ይህን መተያየት ልብ አላልኩትም፤ ማን ጻፈው የሚል ጥያቄ እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነበር።

«መልካም» አሉ መምህሩ። «ጀልባዋ እዚህ ድረስ በምን ትመጣለች?»

«በመኪና» አለ አለቃዬ።

«የእናንተም መኪና አልመጣችም» አለች ባለሱቋ።

ቤቱ ሳቀ። አለቃዬም ሳቀ፤ ሳቁን ከአፉ ሲወጣ እንፋሎት ሆኖ አየነው። አንድ ሰው ራራለትና ጋቢ አለበሰው።

«እንግዲህ ጀልባ በጋሪ ካልሆነ ወደ ጎጆ አትገባም» አሉ መምህሩ። «በውስጥ ለውስጡ እንዳትሄድ ደግሞ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጎንና ጎኗን አጥሩ ይይዛታል። ስለዚህ ጀልባ የጫነ ጋሪ በዋናው መንገድ ማለፍ ይችላል ቢባል?»

«ምክንያታዊ ነው» አለ አለቃዬ። «ጻፍ።»

ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም። በየአንቀጹ አንድ ሰው ብቻ ሲናገርበት የነበረ አዳራሽ በሙሉ እጁን አወጣ። ጀልባ በፊቷ ትጫን ወይስ በኋላዋ? አንድ ፈረስ ይበቃል ወይስ ሁለት? ጀልባዋ ጋሪ ላይ ሳለች ውስጧ የተቀመጠ ሰው የጀልባ ተሳፋሪ ነው ወይስ የጋሪ? በዚህ ላይ ብዙ ክርክር ተደረገ። አለቃዬ በመጨረሻ «የሁለቱም ነው» ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔው ተጨበጨበለት። ፊቱ በርቶ ነበር። ሰውየው በዕድሜው ሕዝብ ሲወያይ አይቶ አያውቅም። እኔም አላየሁም። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ከተማውን ቢዞሩ አንዲት ጀልባ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ስለ ጀልባዋ እንደ ሰፈር ልጅ ነበር የምናወራው።

ባለሱቋ እጇን አወጣች። «ጋሪው ጀልባዋን ካደረሰ በኋላ እዚያው ይቀራል እንዴ? መመለስም አለበት።»

«አድርሶ የሚመለስ» አለ አለቃዬ። «ጻፍ።»

ስለ በጎቹ የተናገሩት አዛውንት ተነሡ። «ሊያመጣት የሚሄደውስ? ሳይሄድ እንዴት ያመጣታል?»

«ልክ ነው። ሊያመጣ የሚሄድ። ጻፍ።»

ሁለቱ መስመሮች አለቁ። በኅዳጉ ላይ ጻፍኩ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ ሌላ ነገር አነሡ፤ ጀልባ ፍለጋ ባዶውን የሚሄድ ጋሪ የሀብት ብክነት ነው አሉ። የሀብት ብክነት የሚለውን ሐረግ አለቃዬ እንዴት እንደሚወደው ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ዓይኑ አበራ። ስለዚህ ጋሪው በዚያው መንገዱ ድንች፣ ገብስ፣ በግ፣ የሱቅ ዕቃ ወይም የታመመ ሰው መጫን እንደሚችል ተጨመረ። በወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩት።

«ግን እስከ መቼ ነው የሚፈልጋት?» አለ አለቃዬ፤ አሁን የምር የሕግ ሰው ሆኖ ነበር። «የጊዜ ገደብ ያስፈልገዋል።»

ይህን ጊዜ ነው አባ ጋሪ ለሁለተኛ ጊዜ የተነሡት።

«ጀልባ እንደ ድንች በየማሳው አይገኝም» አሉ። «እስክትገኝ ድረስ ይባል።»

«እስክትገኝ ድረስ» ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ የተሻሻለውን አንቀጽ ቆሞ፣ ጋቢውን እንደ ዳኛ ካባ አደላድሎ አነበበው። «ጀልባ የጫነ፣ ጀልባ አድርሶ የሚመለስ ወይም ጀልባ ሊያመጣ የሚሄድ ጋሪ፣ በመንገዱ ድንች፣ ገብስ፣ በግ፣ የሱቅ ዕቃ፣ የታመመ ሰው ወይም ሌላ ጭነት ይዞም ቢሆን፣ ጀልባዋ እስክትገኝ ድረስ በዋናው መንገድ መንቀሳቀስ ይችላል። አንቀጽ ሰባት ይህን አይከለክልም።» የመጨረሻዋን መምህሩ ናቸው ያስጨመሩት፤ ለጥራት ያህል ነው አሉ። ቤቱ በሙሉ ድምፅ ደገፈ። ቃለ ጉባኤዬ ቀድሞ የጻፈው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆነ።

መኪናችን በበሬ ተጎትታ ወጥታ ስለነበር የተመለስነው በእሷ ነው። እስከ ጊንጪ ድረስ ይቆጣኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አለቃዬ ቃለ ጉባኤውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን እያየው፣ «ሕዝብ እንዲህ ሲሳተፍ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። ጊንጪን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ «ለመሆኑ ጀልባዋን ከየት አመጣሃት?» አለኝ።

«ከወንጪ ነው።»

አሰበ። «ጥሩ አደረግህ» አለ።

ደንቡ ጸደቀ። የበላዩ ሰው የማሻሻያውን ርዝመት አይቶ ተደሰተና ሌሎች ወረዳዎች ከጎጆ ልምድ እንዲቀስሙ ተባለ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ፤ እኔም ራሴ ልብ ብዬ አላነበብኩትም።

በዓመቱ ደንቡ እንዴት እየተፈጸመ እንደሆነ እንድከታተል ተላክሁ። በዚህ ጊዜ ብቻዬን በአውቶብስ ሄድኩ። ጎጆ ስወርድ ዋናው መንገድ ላይ ጋሪ ከጋሪ ተከታትሎ ይሄዳል። መስቀለኛው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ነበር። ክልከላው በወረቀት ብቻ ቀረ ማለት ነው፣ ምን ብዬ ሪፖርት ላደርግ ነው ብዬ ስብሰለሰል፣ ዳማው ፈረስ ድንች ጭኖ መጣ። ፖሊሱ እጁን ዘረጋ።

«ወዴት ነው?»

«ጀልባ ላመጣ» አሉ አባ ጋሪ።

«ድንቹስ?»

«ባዶዬን እንዳልሄድ ብዬ።»

«ቶሌ፣ ይሁን» አለ ፖሊሱ፤ እያዛጋ አሳለፋቸው። ከኋላ ያለውም ጀልባ ሊያመጣ ነበር። ከእሱ ኋላ ያለው ደግሞ አድርሶ እየተመለሰ ነበር። ፖሊሱ ለእያንዳንዳቸው ጥያቄውን ሳያጓድል ጠየቀ፤ ሕግ አክባሪ ልጅ ነው።

መንገዱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። አንቀጹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጭንቅላቴ አለፈ፤ የጫነ፣ አድርሶ የሚመለስ፣ ሊያመጣ የሚሄድ። በዓለም ላይ ከእነዚህ ሦስቱ ውጭ የሆነ ጋሪ የለም። በእጄ ጽፌው፣ በእጄ ተይቤው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላየሁትም ነበር።

አባ ጋሪ አዩኝና ፈረሱን አቆሙ። «ፈጣኑ ልጅ፣ ውጣ» አሉኝ። ያኔ የተቀመጥኩበት ዓይነት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ልጃቸው ጠየቅኋቸው፤ ሊያስመርቋት ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ፣ በተለይ ክረምቱ ሲገባ፣ ያ ጠባብ መንገድና የዚያች ፈረስ የተሰበረ እግር ትዝ ይሉኝ ነበር።

«አባቴ፣ ያን ቀን ሁላችሁም ተነጋግራችሁ ነበር?» አልኳቸው።

«መቼ ተነጋገርን? አንተ ፊት አይደል የተወያየነው?»

«ጀልባ እንደሌለማ ታውቁ ነበር።»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የተወለድኩት እዚህ ነው» አሉ። «ሐይቅ ቢኖር አንድ ቀን እረጥብ ነበር።»

ጥቂት ሄድን። በስተግራ ያ ጠባቡ መንገድ በጭቃው እንደተሞላ አለፈን።

«ስፈርም ወረቀትህን አነበብኩት» አሉ። «እኛ ገና ሳንቀመጥ በሙሉ ድምፅ ደግፈን ነበር። ለመምህሩ ነገርኳቸው። መጨረሻውን አውቀነዋል፣ ግን ስለ ጋሪው ለማንኛውም ልናገር ብዬ ተናገርኩ፤ ከላይ የመጣ ነው አላችሁኝ። ስለ በጉም እንደዚያው። ስለ ሱቁም እንደዚያው።» ልጓሙን ላላ አደረጉለት። «ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የእኛን ሐሳብ የጠየቃችሁን ስለ ጀልባዋ ብቻ ነው። እኛም ያለንን ሁሉ በጀልባዋ ላይ ጫንነው።»

ሲሉት ቅሬታም ሆነ ኩራት አልነበራቸውም፤ ስለ ጭነት የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ውስጡ ለሚቀጥለው ሳምንት የሸነን ከተማ ስብሰባ ከወዲሁ የተየብኩት ቃለ ጉባኤ ነበረ።